ከእግዜር የተኳረፉት እትዬ ብዙነሽ

በ1970 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት የሸዋ ሮቢት ክርስቲያን ሁሉ ሥራ ፈትቶ ለስግደት ወደ ደብር ሲጎርፍ፣ እትዬ ብዙነሽ መኮትኮቻቸውን ይዘው ወደ ሽንኩርት ማሳቸው ይወርዱ ነበር። በስቅለት መሬት መቆፈር! ያያቸው ሁሉ አማትቦ አለፈ። ሮቢ ወንዝ ዳር ግን ከመምህር ደምሴ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ደምሴ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ በቅርቡ ከእስር የተፈታ ወጣት አስተማሪ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? በዛሬ ቀን ሥራ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ አረሙ ስቅለትን አያውቅ።»

«ከደብር ከቀሩ ሰነበቱ አሉ።»

እትዬ ብዙነሽ መኮትኮቻቸውን ወረወሩት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም? የተጣላሁት ከጎረቤት ቢሆን ሽማግሌ ልኬ እታረቅ ነበር። እኔ የተጣላሁት ከእግዜር ነው! ልጄን መንገድ ዳር ሲጥሉት የት ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ልጃቸውን እንግዳወርቅን በጥር ወር አብዮት ጠባቂዎች ከእስር ቤት አውጥተው ገደሉት፤ ማልቀስም፣ ጥቁር መልበስም ተከለከለ። ፋዲላ የምትባል እስላም ጎረቤታቸው ብቻ በጓሮ ገብታ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። የቀረው ወዳጅ ዘመድ ግን፣ አይ የኛ ሰው!፣ «እግዜርን አያማርሩ፣ ይቆጣል» እያለ አፋቸውን ዘጋው። መንግሥት እንባ ከለከለ፣ ወዳጅ ደግሞ ምሬት ከለከለ። እኚህ ሴት በምን ይተንፍሱ?

«እኔም እስር ቤት ሆኜ ጸልዬ ጸልዬ መልስ አጣሁ» አለ ደምሴ። «ለምን ዝም እንዳለን አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልዎ ዋሸሁ። ግን ጌታ በመስቀል ላይ ምን ብሎ ጮኸ?»

«አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ...» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«ታዲያ ማን ነው ‹አታማርር› ያለው? እትዬ፣ ቂም ፊትን አዙሮ ዝም ማለት ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ‹የት ነበርህ?› ማለት ግን ጸሎት ነው። እንግዳወርቅም ሊወስዱት ሲጠሩት ይህንኑ እያለ ነው የወጣው።»

«የኔ ልጅ? ሰምተኸዋል?»

«እስር ቤት አንድ ክፍል ነበርን፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«መልስስ አገኘ?»

ደምሴ መሬት መሬት አየ። «ከጥይት አልዳነም። ጌታም ከመስቀል አልወረደም፤ ሞተ፣ ተቀበረ። ግን ተነሣ። እኔ የቀረችኝ ተስፋ ይቺው ናት፤ ልጅዎ የተጣራው በዚያው ሞት ቀድሞት ያለፈውን ጌታ ነው።»

አሮጊቷ መኮትኮቻቸውን እዚያው ትተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሺ፣ እሄዳለሁ። እንዳልታረቅሁት ግን ይወቀው!»

«እሱኑ ይንገሩት።»

እንዲህ ነው፤ ምሬቱን ይዞ ከእግዜር ደጅ የቀረን ሰው ምሬቱ ብቻውን ያገኘውና ይበላዋል። ይዞት የገባ ግን ቢያንስ የሚነግረው ሰሚ ያገኛል፤ ያም ሰሚ ሞትን በራሱ የቀመሰ ነው። «አታማርሩ» እያልን ኀዘንተኛን ከአምላኩ የምናለያይ እኛ እንፈር።

እትዬ ብዙነሽ ከደብሩ ግቢ ገብተው በግንባራቸው ተደፉ። «እንግዳዬ! ልጄን! ለምን ተውኸው?» ብለው ጮኹ። በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ አንገቱን አሰገገ። ነገር ግን ስቅለት ነውና ግቢው ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ መለየት አልቻለም።