ትተንፍስ

ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በአውቶቡስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ገበሬዎች ስለ አሮጌ ትራክተር ያወሩ ነበር።

«ሞተሯማ ደህና ነው። ማረሻውን ነው አላነሳም ያለችው።»

«ዘይት ጎድሏት ይሆናል።»

«ለወጥሁላት እኮ! ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ማቃሰት ብቻ ሆነ።»

«በሬዎችህን አትሽጥ ብዬህ ነበር። በሬ እንኳ በጅራፍ ይነሳል።»

«አትቀልድ ወንድሜ። ዝናቡ ገብቷል፤ ካላረስሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«የሸጠልህ ሰውዬስ ምን አለ?»

«እሱ አያውቅባትም፤ የሟች ወንድሙ ነበረች። ሟቹ ዘይት በለወጠ ቁጥር ‹ትተንፍስ› ይል ነበር አለኝ። እኔም አሳረፍኋት። ያው ናት።»

«ትተንፍስ» የሟች ባሌ ቃል ነበር። ማሳረፍ ሳይሆን፣ ማረሻውን ከሚያነሳው ፓምፕ ጎን ያለችውን ብሎን አላልቶ ዘይቷ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። ተዝካሩ ሳይወጣ ነው ወንድሙ ትራክተሯን ነድቶ የወሰደብኝ።

«የሟቹን ሚስት አትጠይቃትም?»

«የት እንዳለች ጠይቄው ነበር። ‹እሷም ሞታለች› አለኝ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ፣ እኔም በልቤ «ነፍስ ይማር» አልሁ።