ቤተሰባቸውን ወደ ቮሎስ ያመጡት የግንበኛው የሉዋን ፕሪፍቲ ዜና ሕይወት

እስትንፋሳችንን በእጁ የያዘ አምላክ ይመስገንና፣ ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ሉዋን ፕሪፍቲ ከአባታቸው ከአቶ ኮቾና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲሚትራ፣ በአልባንያ ቤራት አጠገብ ባለች መንደር ተወለዱ። አብያተ ክርስቲያናት በመንግሥት ትእዛዝ በተዘጉበት ዘመን ስላደጉ ጸሎትን ከእናታቸው በሹክሹክታ ተማሩ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ የድንጋይ ግንብ ሥራ ከአጎታቸው ለመዱ፤ ኋላም ወይዘሮ ሊሪን አግብተው ሚሞዛን ወለዱ።

ድንበሩ ሲከፈት ተራራውን ብቻቸውን በእግራቸው አቋርጠው እዚህ ግሪክ አገር፣ ቮሎስ ገቡ። ያኔ ከእኛ ወገን የግሪክ ስም ያልያዘ ሥራ አያገኝም ነበርና፣ አሠሪያቸው፣ የግንበኞች አለቃ የሆኑት ማስትሮ ታናሲስ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ሉዋን ደግሞ ምንድነው? ከዛሬ ጀምሮ ሚካሊስ ነህ። በል ሚካሊስ፣ ሲሚንቶውን አቡካ!" አሉአቸው። እሳቸውም ስቀው ተቀበሉ፤ የመድን መዋጮአቸው ሳይቀር በሚካሊስ ስም ሲገባ ኖረ።

የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው ቤተሰባቸውን ለማምጣት ሲያመለክቱ፣ ሚሞዛ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር፤ ከሞላት ደግሞ በአባቷ ስም መግባት አትችልም። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሠራተኛዋ ፓስፖርታቸውን ከመድን መዝገቡ ጋር እያመሳከረች፣ "አቶ ሉዋን፣ እርስዎ እኮ እዚህ አገር አንድ ቀን አልሠሩም። ሚካሊስን ይዘው ይምጡ" አለቻቸው። "እመቤቴ፣ አብረን ነው የመጣነው፤ ጫማችንም አንድ ነው" ቢሏት ሳቀች፤ ማመልከቻውን ግን መለሰችው።

ሚካሊስ የተባሉት እሳቸው መሆናቸውን የሚመሰክሩላቸው አሠሪያቸው ብቻ ነበሩ፤ በሌላ ስም ማሠራታቸውን ካመኑ ደግሞ ቅጣት ይጠብቃቸዋል። አቶ ሉዋን ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በአሠሪያቸው ደጅ ቆመው፣ "ማስትሮ፣ ልጄ ልታመልጠኝ ነው" ብቻ አሉ። ማስትሮ ታናሲስ መንግሥትንም ሉዋንንም እየረገሙ አመሹና፣ ሰኞ ጠዋት የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቢሮ በመግባት፣ "ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ! ቅጣቱን ለእኔ፣ ልጅቷን ለአባቷ ስጡ!" አሉ። እንዳሉትም ተቀጡ። እናትና ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርዱ የሚሞዛ ልደት ገና አልደረሰም ነበር።

በኋላ የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶ አልጋ ላይ ጣላቸው። የባለቤታቸው የመኖሪያ ፈቃድ በእርሳቸው በሕይወት መኖር ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ ወይዘሮ ሊሪ "አንተ ሰው፣ እባክህ አርፈህ ተኛ!" ቢሏቸውም፣ "እኔ ተኝቼ አንቺን ቢያስወጡሽስ?" ብለው በሚሞዛ ተደግፈው ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። ወይዘሮ ሊሪ በራሳቸው ስም ፈቃድ ማግኘታቸውን ካዩ በኋላ በሰላም አረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊሪ፣ ልጃቸው ሚሞዛ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ በከዘራ ተደግፈው ከፊታችን የተቀመጡት ማስትሮ ታናሲስም ከእርሳቸው በኋላ ቀርተዋል። ሐዘናቸውን በቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ተነሡ፣ ውጡ የሚላቸው የለም። አምላክ ሆይ፣ እኚህ ባሪያህ በየቢሮው ደጃፍ ብዙ ጠብቀዋልና፣ በአንተ ደጅ አታቁማቸው። አሜን።