አሥረኛውን ሰው ፍለጋ

ከታላቁ ጦርነት ማግስት፣ በአንድ ማክሰኞ፣ በአሜሪካ የፓተርሰን ከተማ የሐር ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ለቀው መንገዱ በሰው በሚጥለቀለቅበት ሰዓት፣ አናጢው አንሸል ትሬገር፣ በአክብሮት አጠራሩ ሬብ አንሸል፣ በምኵራባቸው በር ላይ ቆመው መንገደኛ ይለቅሙ ነበር። መንገደኛ መልቀም ሲባል ሌላ እንዳይመስል። ሽማግሌው የሚፈልጉት አንድ አይሁዳዊ ወንድ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ይሙላው እንጂ ሰካራምም ቢሆን፣ ባለዕዳም ቢሆን ግድ የላቸውም።

ዕለቱ የባለቤታቸው የቴይብል ሙት ዓመት ነው። ለሙታን መታሰቢያ የሚደርሰው የካዲሽ ጸሎት ደግሞ አሥር ወንድ ካልተሟላ አይባልም። ትናንት ማታ ስምንት ሰው መጣና ሳይባል ቀረ። ዛሬ ጧት ዘጠኝ መጣና ሳይባል ቀረ። አሁን ፀሐይ ከጠለቀች ቀኑ አለቀ፤ ሙት ዓመቱም ለዘንድሮ አለፈ። ቴይብል በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ እራታቸውን አስዘግይታባቸው አታውቅም። እሳቸው ግን በዓመት አንድ ጊዜ የምትጠብቅባቸውን ነገር ሊያደርሱላት አልቻሉም።

ውስጥ የምኵራቡ ሊቀመንበር ሬብ ፋይቪሽ ሰዉን ደጋግመው ይቆጥራሉ። ሰውን በቁጥር መጥራት መቅሠፍት ይስባል ተብሎ ስለሚፈራ አቆጣጠሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ «አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ሦስት አይደለም…» በር ላይ የቆሙትን ሬብ አንሸልን ጨምረው «ዘጠኝ አይደለም» ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ዘጠኝ ሰው በመደጋገም አሥር የሚሆን ቢሆን ኖሮ በሬብ ፋይቪሽ ትጋት መቶ በሆነ ነበር።

በዚህ መሀል ዝላታ ብሮይዴ በዚያ አለፈች። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ አባቷ ከሬብ አንሸል ጋር በአንድ መርከብ ከሊትዌኒያ የመጡ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ ወዳጃቸው ነበሩ። በብብቷ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱ የአዲሱ ምኵራብ ንድፍ ነው፤ የጸሎት አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የመማሪያ ክፍሎች፣ የስፖርት አዳራሽና የመዋኛ ገንዳ ጭምር ያለበት። የሴቶቹ ማኅበር ይሠራ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ በፊታችን እሑድ በድምፅ ሊቀብሩት ተዘጋጅተዋል። ከቀባሪዎቹ ፊት ቀደም የሚሉት ሬብ አንሸል ናቸው።

«እንደምን ዋሉ ሬብ አንሸል? ምነው በር ላይ?»

«አሥረኛ ጠፍቶ ነዋ ልጄ። ወንድምሽ ሻያ የት ነው?»

«ኳስ ላይ።»

«ኳስ! የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ኳስ ያባርራል!»

«እኔ ልግባ?» አለች ዝላታ፣ መልሱን እያወቀችው።

«አንቺማ አትቆጠሪም። ሕጉ ነው፤ አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም። የሚቆጠሩት የት እንዳሉ ግን አውቃለሁ። ሦስት መንገድ መሻገር ብቻ ነው፤ ይምጡ።»

ሬብ አንሸል የት እንደሆነ ገባቸው። የክርስቲያኖቹ የስፖርት አዳራሽ ነው። ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ፤ ከማቅለሚያ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ወደ ውስጥ ዞረው «ፋይቪሽ! እንዳትበተኑ!» ብለው ጮኹና መንገድ ጀመሩ።

«መከተሌ በሐሳብሽ ተስማማሁ ማለት እንዳይመስልሽ» አሉ ገና አሥር እርምጃ ሳይሄዱ። «ባለፈው ስብሰባ ላይ የሳቃችሁብኝን አልረሳሁትም።»

በዚያ ስብሰባ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ስለ ገንዳው ሲነበብ ሬብ አንሸል ሴቶች የሚነጹበት የሥርዓት መጥመቂያ መሰላቸው። ተነሥተው፣ የቧንቧ ውሃ እንደማያነጻ፣ የግድ የዝናብ ውሃ መሆን እንዳለበት፣ አሸንዳው በየት በኩል መውረድ እንደሚገባው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። በመጨረሻ አንዱ «ሬብ አንሸል፣ ገንዳው ለዋና ነው» ሲላቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«እኔ አልሳቅኩም» አለች ዝላታ።

«ሳቅሽ እንጂ! ጥርስሽን ቆጥሬዋለሁ።»

«እሺ፣ ትንሽ። ግን ይንገሩኝ፣ ገንዳው ለዋና መሆኑ ምኑ ነው ያስቆጣዎት?»

«ምኑ? የቅዱስ መጽሐፋችን የቶራ ጥቅል ያለበትን ሣጥን በእነዚህ እጆቼ ነው የጠረብኩት። እሱ ባለበት ጣራ ሥር ጎረምሳ በቁምጣ እንዲንቦራጨቅ? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዛሬ ገንዳ፣ ነገ ጭፈራ፤ ከነገ ወዲያ ጸሎቱ ይደርቅና ገንዳው ብቻ ይቀራል።»

ዝላታ መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም። የተማረ ሰው ዋና ድካሙ ማወቁን ለማሳየት መቸኮሉ ነው፤ እሷ ግን አባቷ ጥሩ አድርገው አሳድገዋታል።

«አባቴ ስለ አገር ቤቱ ምኵራብ ግቢ ሲያወራ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «እኔ ሕፃን ሆኜ ስለመጣሁ አላስታውሰውም። ምን ምን ነበረበት?»

ሽማግሌ ስለ ልጅነት አገሩ ከተጠየቀ ጉልበቱም ይፈታል፣ አንደበቱም።

«ምን ያልነበረበት! በስተግራ መታጠቢያ ቤቱ፤ ዓርብ ዓርብ ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ከጀርባ የሕፃናት ማንበቢያ ቤት። ከዚያ ወዲያ መንገደኛና ድኻ የሚያድርበት ማረፊያ። የቀባሪዎች ማኅበር መጋዘን፣ የውሃ ጉድጓድ። ሠርግ ሲሆን ድንኳኑ እዚያው ግቢ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የማንበቢያ ቤቱ ምድጃ ስለሚሞቅ የከተማው ሥራ ፈት ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ያወጋል። ማንም ሰው ቀኑ ሳያልቅ አንድ ጊዜ ያን ግቢ ሳይረግጥ አይውልም ነበር።»

«ታዲያ አሥረኛ ሰው ይጠፋ ነበር?»

«ቀልደኛ! ሦስት አሥር ነበር በአንድ ጊዜ…» አሉና ሬብ አንሸል በድንገት ወደ ጥቅሉ ወረቀት አዩ። እግራቸውም ዘገየ።

«ማጠቢያ፣ ማስተማሪያ፣ ማረፊያ፣ መደሰቻ» አለች ዝላታ የያዘችውን ጥቅል መታ መታ እያደረገች። «ይኸው ነው እኮ የተጻፈው። በቅዱሱ ቋንቋም ቢሆን የመሰብሰቢያ ቤት ነው የሚባለው፤ የጸሎት ቤት ብቻ አይልም። በቤታችን ቋንቋ ደግሞ ሹል እንለዋለን፤ ትምህርት ቤት እንደማለት።»

«ጣራው!» አሉ ሬብ አንሸል፣ የአናጢ ነገር። «እዚያ ሁሉም ለየራሱ ጣራ ነበረው! ማንም መታጠቢያውን ከጸሎቱ ሥር አልሠራም።»

«እዚያ መሬት ነበረ። እዚህ እንደ መሐረብ የጠበበ ቦታ ነው ያለን። ያንኑ ግቢ አጥፈን ወደ ላይ አቆምነው እንጂ ሌላ ነገር አላመጣንም።»

መልሱ ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ደረቅ እንጨት በአንድ ምት ምስማር አያስገባም፤ ሬብ አንሸልም ዋናውን ክርክራቸውን ገና አላወጡትም።

«እሺ፣ ሁሉም ይሁንልሽ። ለዋናው መጥተው ለጸሎቱ ባይወጡስ? ሌላ ከተማ እንደዚያ ሆነ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እውነት ነው። ብዙዎቹ አይወጡም» አለች።

ሽማግሌው ትከራከረኛለች ብለው ነበር፤ ደነገጡ።

«አልዋሽዎትም። ከመቶ ዘጠናው ተራጭተው ይሄዱ ይሆናል። ዛሬ ግን ከመቶው ስንቱ ነው የሚመጣው? ልጆች አሉን እንላለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሥሩ ከመጡ እርስዎ በር ላይ ቆመው አይለምኑም።»

አዳራሹ በር ላይ ደረሱ። ሬብ አንሸል በዚህ በር ፊት ለሃያ ዓመት ሲያልፉ ወደ ማዶ ተሻግረው ነበር የሚያልፉት። ቆሙ። ፀሐይዋን ዞረው አዩ፤ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ነክታለች። ቴይብልን አሰቡና ገቡ።

የላብና የመድኃኒት ውሃ ሽታ ተቀበላቸው። በረኛው፣ ሽበታም ክርስቲያን፣ ባርኔጣውን አንሥቶ «ልጆችዎን ነው የሚፈልጉት? ይግቡ፣ ይግቡ። ማክሰኞ የእነሱ ቀን ነው። ጨዋ ልጆች ናቸው» አላቸው።

ማክሰኞ የእነሱ ቀን ነው። ይህች ቃል በደግነት ብትነገርም ከስድብ ይልቅ አመመቻቸው። ወደ ውስጥ ሲመለከቱ የሥጋ ሻጩ ልጅ ቅርጫት ውስጥ ኳስ ይወረውራል። የመዝሙር መሪው ልጅ ከሻያ ጋር ይታገላል። ግድግዳውን ተደግፈው የሚስቁት ሁለቱ ደግሞ የሬብ ፋይቪሽ የልጅ ልጆች ናቸው። የሬብ አንሸል ከንፈር ሳያዙት መቁጠር ጀመረ፦ አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም… አሥራ ሰባት አይደለም ሲሉ አቆሙ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ የተሰማቸው ግን እፍረት ነው። ጠፉ ሲሏቸው የኖሩት ልጆች አልጠፉም። የሚያስጠጋቸው ሌላ ቤት ሄደዋል እንጂ።

«ልጆች!» ብለው ጮኹ። ኳሱ መሬት ላይ ነጥሮ ነጥሮ ቆመ። «የቴይብል ሙት ዓመት ነው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅብኝ ነው፤ ሰው ጎደለኝ!»

ሻያ ቀድሞ ተጠጋ። «ቴይብል? የቀረፋ ብስኩት የምትሰጠን?»

«እሷው።»

ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። በቁምጣ ላይ ኮት ደርበው፣ ቆባቸውን አጥልቀው፣ አሥራ ሰባቱም ሽማግሌውን ከበው በመንገዱ ሮጡ። ሬብ ፋይቪሽ ይህን ሠራዊት ባዩ ጊዜ፣ በተለይም የገዛ የልጅ ልጆቻቸውን ባዶ ጉልበት ባዩ ጊዜ፣ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ለመቆጣት ግን ጊዜ አልነበረም። ሬብ አንሸል ካዲሹን አሉት። ሻያ «አሜን» የሚባልበትን ቦታ ስለማያውቅ የሽማግሌዎቹን ከንፈር እያየ ይከተል ነበር። ሲጨርሱ የመስኮቱ መስታወት ገና ቀይ ነበር። ሬብ አንሸል ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር።

እሑድ ስብሰባው ተከፈተ። ሴቶቹ ድምፅ ስለሌላቸው ከኋላ ቆመዋል። ሬብ ፋይቪሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከነገሩ ጦም እደሩ» አሉ። «ያለንን ምኵራብ እንጠብቅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ሬብ አንሸል ያስረዷችኋል።»

ሬብ አንሸል ተነሡ።

«ፋይቪሽ ወንድሜ፣ እስቲ ብብትህን ክፈተው፤ ምን አለ? ዘጠኝ ሽማግሌና አንድ የሚያፈስ ጣራ! የልጅ ልጆችህን ያገኘኋቸው የት እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ ለሚስቴ ጸሎት ሰው ለመለመን የሰው ቤት ገባሁ። ያ ቤት አላስቀየመኝም፤ ያሳፈረኝ የእኛ ቤት ነው።»

ይህን ብለው ዝላታ ወደያዘችው ንድፍ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ያ የአገራችን ግቢ ነው የሚሠራው፤ ወደ ላይ ቆሞ ስላየሁት አላወቅኩትም ነበር። ከተሠራ ሕፃናቱ ከእርጥብ ምድር ቤት ወጥተው ብርሃን ባለው ክፍል ፊደል ይማራሉ። ትናንት ከመርከብ የወረደው የዚህን አገር ቋንቋ በማታ ይማርበታል። እናቶች ሐኪም ያማክሩበታል። ሠርጋችንን በመጠጥ ቤት ፎቅ ላይ መደገስ ይቀራል። እኛም ሽማግሌዎቹ ክረምቱን የምንሞቅበት ምድጃ እናገኛለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ ይህንን ምኵራብ ዘጠኝ ሆነን ተሸክመን ወገባችን ተቆረጠ። ነገር ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሩ አንድ ይሁን! ወደ ገንዳው የሚወርደውም ወደ ጸሎቱ የሚወጣውም በዚያው ይግባ። በየማታው ከሚጫወተው ቡድን ደግሞ አሥር ሰው በተራ ለጸሎት ይውጣ። ይህን ካደረጋችሁ ቶራው ያለበትን ሣጥን ራሴ ነቅዬ፣ ራሴ እተክለዋለሁ።»

ዝላታ ከኋላ ሆና በንድፉ ጠርዝ ላይ «አንድ በር» ብላ ጻፈች። በንድፉ ላይ ሁለት በር ነበር፤ አናጢው ከንድፍ አውጪዎቹ ይልቅ ያወቀው እዚህ ላይ ነው። እጅ ሲነሣ ሬብ ፋይቪሽ የመጨረሻው ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውን አስበው ይሁን ሬብ አንሸልን ፈርተው፣ ብቻ አነሡ።

አዲስ ነገር የተባለ ሁሉ ባዕድ እንዳልሆነ፣ አሮጌውን መውደድም አሮጌውን ግድግዳ ማቀፍ እንዳልሆነ የዚያን ቀን ብዙዎች ተረዱ። መረዳት ብቻውን ግን ቤት አይሠራም፤ ይህን ከአናጢ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በተከታዩ ማክሰኞ፣ ሬብ አንሸል መለኪያቸውን በኪሳቸው ሸጉጠው፣ ማንም ሳይመራቸው ወደ ክርስቲያኖቹ አዳራሽ ገቡ። በረኛውን ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሉት። ኳሱ ቆመ።

«ሰው ጎደለ እንዴ ሬብ አንሸል?» አለ ሻያ።

«ጎደለ። ቤት ልንሠራ ነው። አሮጌውን የሚያፈርስ፣ እንጨቱን የሚለቅም፣ መጋዝ የሚይዝ እፈልጋለሁ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛ እኮ መጋዝ ይዘን አናውቅም።»

«አሜን የሚባልበትንም አታውቁም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ኮታችሁን ልበሱ።»