በድንኳኑ ሥር የበቀለው አበባ

የባለቤቴ የመምህር ታደሰ መርዶ የደረሰኝ ጠዋት፣ ባኮ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ የአበባ መደቡን ውሃ ሳጠጣ ነበር። ፈረንጆች ኮርንፍላወር የሚሉትን ሰማያዊ አበባ ዘርቶበት አምቦ ለስብሰባ ከሄደ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቴ በበጋ ዘርተን የባኮ ፀሐይ አቃጥሎብናል። "አሁን ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ፀሐዩ አልበረታም። አፈር አልብሼዋለሁ፣ ጨለማ ካላገኘ አይበቅልም፤ እንዳትነካኪው" ብሎኝ ወጣ። በዚያው ቀረ።

የእድር ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ ከመደቡ ላይ በቀር ቦታ አልነበረም። ለቅሶዬን አቋርጬ "እዚያ ላይ አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው ያዙኝ። የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ ግን ጎንበስ ብለው "እዚህ ምን አለ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ታደሰ የዘራው አበባ።"

"ያ መምህር! ስንቴ በቆሎ ዝራበት ብዬው ነበር" አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ድንኳኑ ከላዩ ተተከለ፤ መደቡን ግን ዙሪያውን በአግዳሚ ወንበር አጠሩት፣ የእጅ መታጠቢያውንም ከጎኑ አደረጉ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ፣ የለቀስተኛው የእጅ መታጠቢያ ውሃ ባራሰው አፈር ላይ ቀጫጭን ቡቃያ ወጥቶ ነበር። "ኩኖ፣ ይኸውልሽ፣ በቀለልሽ" አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

ከወራት በኋላ ሲያብብ፣ ሁለታችን ልናየው የጓጓንለትን ሰማያዊ አበባ ብቻዬን ቆሜ አየሁት። ዘሩን ለጎረቤት ሁሉ አድያለሁ። ይህን ለምታነቡ ለእናንተ የምሰጠው ዘር ባይኖረኝም፣ የታደሰ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነውና በጸሎታችሁ ጥሩልኝ።