ሐፊሩን የሰጡ እጆች

ሰው ከብቶቹ የሚጠጡትን ውኃ ለሌላ ለመስጠት በገዛ እጁ ድምፅ የሚሰጠው ምን ሆኖ ነው? ይህን ጥያቄ በ1988 ዓ.ም. በመጋቢት ሐሩር፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከኮኪት ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ዳርቻ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ።

ከሁለት ቀን በፊት ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢው፣ «ሐፊሩንና ዙሪያውን ሰሊጥ ለሚያለማ ባለሀብት መስጠቱን የምትደግፉ?» አለ። ሐፊር የምንለው የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን ትልቁን ኩሬ ነው፤ በበጋ ሌላ ውኃ የለንም። ሰብሳቢው ተናግሮ ሳይጨርስ እጅ ሁሉ ወጣ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ እጄን ሳላወጣ አየሁ።

አሁን ደግሞ አያ ያረጋል ስድስት ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አጠጧቸው?» አልኋቸው።

«ታጥሯል ብሎ ዘበኛው መለሰኝ።»

«እርስዎም እጅዎን አውጥተው ነበር እኮ።»

«አወጣሁ። ታዲያስ?»

«የተጠየቀውን ሰምተው ነው?»

«መስማቱ ምን ይሠራል? አንተ ልጅ፣ በዚች እጅ ያላጸደቅሁት የለም። እህላችን ለማኅበር ይግባ ሲሉ አወጣሁ። ልጄን ለውትድርና ሲመለምሉት አወጣሁ። ያላወጣ ጎረቤቴ በማግሥቱ አድኃሪ ተብሎ ተወሰደ፤ ቀረ። እጅ ማውጣት ለኔ ነፍስ ማትረፍ ነው።»

በእሳቸው ቦታ ብሆን ሁለቱንም እጄን አወጣ ነበር። ያናደደኝ እሳቸው አይደሉም፤ ያለፈው መንግሥት ዘርቶት የሄደውን ፍርሃት እንደ ራሱ አዝመራ የሚያጭደው ሰብሳቢ ነው።

«ያ መንግሥት ከወደቀ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው፣» አልኋቸው።

«የወደቀስ ወንበሩ ነው። ሰብሳቢው ያው ነው፤ ጃኬቱን ነው የለወጠ።»

«እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። በተማርሁበት በቡልጋሪያ ኮሚኒስት ፓርቲው ሲወድቅ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ቆይቶ ያከራዩኝ ሰውዬ የሚሠሩበት የጠርሙስ ፋብሪካ ይሸጥ ተባለ። ሠራተኛው እንደ ልማዱ እጁን አወጣ። ማን የገዛው ይመስልዎታል? የድሮው የፓርቲ ሹም ነው። ሰውዬው በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት፣ ‹ማን ሸጠው?› እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።»

«እሳቸውም እንደኔ ሞኝ ናቸዋ።»

«ሞኝ አይደሉም። ‹የምትቃወሙስ?› ብሎ የጠየቃቸው የለም። እሑድ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ እርስዎ እጅዎን አያውጡ።»

አያ ያረጋል ላሚቱን በዱላቸው ጫፍ መለስ አደረጓት። «ብታሰርስ? ከብቶቼን አንተ ትጠብቃለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ከብት ነድተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ይኸው፤ እኔ ታስሬ ከብቶቼ ሱዳን ሊገቡ ነው፣» ብለው ሳቁ።

«ብቻዎን ከሆኑ ያስሩዎታል። ሻይ የምታፈላው ሳቢራ፣ ጎረቤትዎ ጌጡም፣ ሌላውም እጁን ከከለከለ ማንን ያስራሉ?»

«ሳቢራማ ትናንት ስትሰድበኝ ዋለች። ‹አያ ያረጋል፣ የአንቱ እጅ በገመድ የታሰረች ናት፤ ሲስቧት ብድግ ትላለች› አለችኝ።»

«እሷስ አላወጣችም?»

«ከኔ ቀድማ ነዋ።» ከብቶቹን ጥቂት ነዱ። «እኔን አይታ ታወርድ ይሆን?» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ቃለ ጉባኤው ሊጸድቅ ተሰበሰብን። «የምትደግፉ?» ሲባል የአያ ያረጋል እጅ ከጉልበታቸው አልተነሣም። ሳቢራ ግማሽ ያወጣችውን መለሰች። ቀጥሎ ጌጡ፣ ከዚያ የኋላው ረድፍ በሙሉ አወረደ።

«የምንቃወምስ መቼ ነው የምናወጣ?» አሉ አያ ያረጋል።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላብጦ፣ «ጸድቋል፤ ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፣» አለ።

በዚያው ቀን ሐፊሩ እንዲመለስልን ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ሰባ አንድ ሰው ፈረመበት፣ አብዛኛው በአውራ ጣቱ። ማንም አልታሰረም። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አይጸድቅም። የእህል መጋዘናችን ቦታ ለሌላ ባለሀብት ሲጠየቅ ሰው «ለምን?» አለ፤ መጋዘኑም ተረፈ። አያ ያረጋል ዛሬ ጎረምሶቹን፣ «ጠያቂውን መጀመሪያ አስጨርሱት፣» እያሉ ይመክራሉ። ሕዝብ የራሱን ድምፅ የሚያገኘው እንዲህ ከትንሿ ስብሰባ ጀምሮ ነው፤ መንግሥት ስለ ተለወጠ ብቻ ማንም አያመጣለትም።

ሐፊሩ ግን ክረምቱን ከአጥሩ ውስጥ ሞልቶ ከረመ። ማመልከቻውን ለሚመለከተው ክፍል የላክነው ሚያዝያ ስድስት ቀን ነበር። ይህን የምጽፈው በየካቲት ነው፤ አያ ያረጋል የተረፉላቸውን ሦስት ከብቶች እየነዱ እስከ ጓንግ ወንዝ ይወርዳሉ። ከላይ መልስ አልመጣም።