ለተጣሉ ልጆች ዘጠኝ ዓምድ

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ትንሽ ልጅ አቅፈው ከዞኑ መሐንዲስ ጎን ተቀምጠዋል።

“ኢንጂነር፣ የተጣሉ ልጆች ማሳደጊያው መቼ ያልቃል? ማንኪራ መንገድ ላይ ያገኘኋትን ይህችን ልጅ፣ ሲከፈት አስረክቢ ተብያለሁ።”

“ይቅርታ እትዬ፣ ዘገየን። ዓምዶቹ ግን ቆመዋል፤ ዘጠኝ ናቸው።”

“ጣሪያውስ?”

“ጣሪያ ማንም ይሠራል። ጣሊያን አገር ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ለተጣሉ ሕፃናት የተሠራ ቤት አለ፤ የኛም እንደሱ ነው። በዓምዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከቁመታቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ በስንዝር ቢስት አፍርሰን ደግመን ሠራነው።”

“ደግ አደረጋችሁ። ሌሎቹስ በደንብ ተለክተዋል?”

“ሁለት ጊዜ።”

“ሦስተኛ ቢለኩ ምን ይላል?” ልጅቷን ጠበቅ አደረጓት። “ስንት ዓመት የሞላትን ነው የማትቀበሉት?”

“ሦስት። ከዚያ በኋላ እርስዎ ጋር ትቀራለች።”

“ለመስቀል ይሞላታል። ስሙኝማ፣ ጣሊያኖቹ ጉልላት አይወዱም?”

“እትዬ! ይህን የሚረዳኝ አለቃ አጥቼ እኮ ነው!”

“በሉ እንግዲህ፣ ያለ ጉልላት እንዳትከፍቱት።”

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በልቤ ሁለተኛ ጉልላት ጨመርኩበት።