ቦናፔቲ የተባለችው ልጅ

በተቃውሞ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ማግስት ከሱሉልታ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ያወራሉ።

«ቦናፔቲ ምግብ ቤት ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ! ምጥ ይዟት መንገድ ተዘግቶባት ጓዳሽ አስገብተሽ ያዋለድሻት የኔ ልጅ ናት።»

«ውይ፣ የጫልቱ አባት ነዎት? እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሕፃኗን ቦናፔቲ አልናት።»

«ወይኔ! እሱ እኮ በፈረንሳይኛ ‹መልካም ምግብ› ማለት ነው!»

«ነግረውናል። ጡት ከያዘች አትለቅም፤ ስሙ ልኳ ነው።»

«ኦቦ፣ ሰበታ ኬክ ቤት አለ፣ ቡራዩ ዳቦ ቤት አለ፤ ሁሉም ቦናፔቲ ነው!»

«ይኑር! አቅፈው የሚስሙት የኛዋን ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

መውረጃዬ ቢደርስም «ወራጅ አለ» አላልኩም።